ጥቁር በ25 እርምጃ ያሸነፈበትን ጨዋታ ቦርድ ላይ ደርድሮ ማጥናት፦ ዝርዝር መመሪያ

ቅዳሜ ጠዋት ቼዝ የማስተምራቸው ልጆች ይህን ጨዋታ በስልክ አይተውታል። “ንግሥቷን አውቆ የሰጠበት!” ይላሉ። ቦርድ አቅርቤ “እስቲ አሳዩኝ” ስል ግን እጃቸው ይቆማል። አብዛኞቹ የሚያስታውሱት ከ22ኛው እርምጃ ወዲህ ያለውን ነው። ከመጀመሪያው ለመደርደር የሚሞክሩት ደግሞ መሃል ላይ አንዲት ጠጠር ያሳስቱና 23ኛው ላይ ግንቡ መሄጃ ያጣል።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1907 በሎድዝ ከተማ (ፖላንዶቹ “ዉች” ይሏታል) ውድድር ላይ የተደረገ ነው። ነጭ ሮትሌቪ፣ ጥቁር አኪባ ሩቢንስታይን። ታሪኩን እዚህ ላይ ልተወው። ይህ መመሪያ ጨዋታውን ሳትሳሳቱ እንድትደረድሩ፣ ከዚያም ጥቁር የት ላይ እንዳሸነፈ በራሳችሁ ዓይን እንድታዩ ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያሸነፈው 22ኛው ላይ አይደለም።

ዝግጅት

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- እውነተኛ ቦርድና ሙሉ ጠጠር። የስልክ ቦርድ አይሆንም፤ ስልኩ ስህተታችሁን ራሱ ስለሚያርም እጃችሁ ምንም አይማርም።
- ደብተርና እርሳስ።
- የሚቀጥለውን እርምጃ የምትሸፍኑበት ወፈር ያለ ወረቀት።
- ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት። በአንድ ቁጭታ ለመጨረስ አትሞክሩ።

የጠጠሮቹን ስም እንስማማ። ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስ፣ ፈረስ፣ ወታደር እላለሁ። ክለብ ውስጥ ሩክና ቢሾፕ የምትሉ ግንቡን ሩክ፣ ጳጳሱን ቢሾፕ እያላችሁ አንብቡ።

መስመሮቹ ከነጭ ግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ናቸው፤ ቁጥሩ ከነጭ ወገን ተነስቶ የሚቆጠረው ረድፍ ነው። ተጠንቀቁ፦ ኤ እና ኢ በንባብ ይምታታሉ፤ በዚህ ጨዋታ ደግሞ ሁለቱም በተመሳሳይ ረድፍ ላይ ይመጣሉ። የነጭ 3ኛ እርምጃ ኢ3፣ 7ኛው ኤ3 ነው። የጥቁር 2ኛ እርምጃ ኢ6፣ 7ኛው ኤ6 ነው። ለሌላ ሰው ጮክ ብላችሁ የምታነቡ ከሆነ “የንጉሡ ኢ”፣ “የዳሩ ኤ” በሉ።

ደረጃ 1፦ ቦርዱን ዘርጉ

1. በቀኝ እጃችሁ በኩል ያለው የታችኛው ጥግ ነጣ ያለው ካሬ መሆኑን አረጋግጡ። ጠቆር ያለው ከሆነ ቦርዱን ሩብ ዙር አዙሩት።
2. ነጭ ንግሥት በነጣው ካሬ (ዲ1)፣ ጥቁር ንግሥት በጠቆረው (ዲ8) ይቁሙ።
3. በጥቁር ወገን ተቀመጡ። አብዛኛው ሰው ከነጭ በኩል ማየት ስለለመደ ጥቁር ያየውን አያይም። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ኤች መስመር በግራችሁ ይሆናል። አስር ደቂቃ ታገሱት።

ደረጃ 2፦ ከ1 እስከ 9

ይህን ክፍል በፍጥነት ደርድሩት። እያንዳንዱን እርምጃ ግን በእጃችሁ አንቀሳቅሱ።

1. ነጭ ወታደር ዲ4፤ ጥቁር ወታደር ዲ5
2. ነጭ ፈረስ ኤፍ3፤ ጥቁር ወታደር ኢ6
3. ነጭ ወታደር ኢ3፤ ጥቁር ወታደር ሲ5
4. ነጭ ወታደር ሲ4፤ ጥቁር ፈረስ ሲ6
5. ነጭ ፈረስ ሲ3፤ ጥቁር ፈረስ ኤፍ6

ቁሙ። አሁን ሁለቱ ወገኖች እንደ መስታወት ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። አንዲት ጠጠር እንኳ አቻዋን ካጣች ተሳስታችኋል፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ ገና አምስት እርምጃ ነው።

6. የነጭ ወታደር ከዲ4 ሲ5ን ይበላል፤ የጥቁር ጳጳስ ከኤፍ8 መጥቶ ሲ5ን ይበላል
7. ነጭ ወታደር ኤ3፤ ጥቁር ወታደር ኤ6
8. ነጭ ወታደር ቢ4፤ ጥቁር ጳጳስ ወደ ዲ6 ያፈገፍጋል
9. ነጭ ጳጳስ ቢ2፤ ጥቁር በንጉሡ ወገን ካስል ያደርጋል (ንጉሥ ጂ8፣ ግንብ ኤፍ8)

መፈተሻ፦ እያንዳንዱ ወገን 15 ጠጠር አለው። ነጭ ገና ካስል አላደረገም፤ የኤፍ1 ጳጳሱም አልተነቃነቀም። በአንዱ በኩል 16 ከቆጠራችሁ 6ኛው ላይ የተበላውን ወታደር ከቦርዱ ማንሳት ረስታችኋል።

ደረጃ 3፦ ከ10 እስከ 15፣ እርሳስ ይዛችሁ

እዚህ ፍጥነት ቀንሱ። የደብተሩን ገጽ ለሁለት ክፈሉት፤ በአንዱ “ነጭ”፣ በሌላው “ጥቁር” ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ ወዲያ አንድ ጠጠር ለሁለተኛ ጊዜ በተንቀሳቀሰች ቁጥር በባለቤቷ ስም ሥር አንድ ጭረት አስምሩ።

10. ነጭ ንግሥት ዲ2፤ ጥቁር ንግሥት ኢ7

ወረቀታችሁን አስቀምጡና ቦርዱን እዩ። ጥቁር የዲ5 ወታደሩን የተወው ይመስላል። ነጭ እየተቀያየረ ቢበላው ግን ንግሥቱ መሃል ሜዳ ላይ ትጋለጣለች፣ ንጉሡም ገና ኢ1 ላይ ነው። በዲ6 ያለው ጳጳስ ቢ4ን በቼክ (ንጉሡን እያጠቃ) መምታት ይችላል። ነጭ አልደፈረም፤ ልክ ነበር።

11. ነጭ ጳጳስ ዲ3፤ የጥቁር ወታደር ከዲ5 ሲ4ን ይበላል
12. የነጭ ጳጳስ ሲ4ን ይበላል፤ ጥቁር ወታደር ቢ5
13. ነጭ ጳጳስ ተመልሶ ዲ3፤ ጥቁር ግንብ ከኤፍ8 ወደ ዲ8
14. ነጭ ንግሥት ከዲ2 ወደ ኢ2፤ ጥቁር ጳጳስ ቢ7
15. ነጭ በንጉሡ ወገን ካስል ያደርጋል

የጥቁርን 15ኛ ገና አታንቀሳቅሱ። እርሳሱን አስቀምጡና ቦርዱን አንድ ደቂቃ ሙሉ ተመልከቱ።

የመመሪያው እምብርት እዚህ ነው። ጠጠር በጠጠር አነጻጽሩ፦ ንግሥት ኢ2 ከንግሥት ኢ7 ጋር፣ ጳጳስ ዲ3 ከጳጳስ ዲ6 ጋር፣ ጳጳስ ቢ2 ከጳጳስ ቢ7 ጋር፣ ፈረስ ሲ3 እና ኤፍ3 ከፈረስ ሲ6 እና ኤፍ6 ጋር፣ ወታደሮቹም እንዲሁ። ሁሉም መስታወት ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይለያያል። የነጭ ግንብ ኤፍ1 ላይ ቆሟል፣ የጥቁሩ ግን ዲ8 ላይ ወጥቷል። በዚያ ላይ ተራው የጥቁር ነው።

ጨዋታውን የጀመረው ነጭ አልነበረም እንዴ? መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ወገን እንዴት ወደ ኋላ ቀረ? ጭረታችሁን ቁጠሩ፦

- ነጭ ንግሥቱን ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሰ (ዲ2፣ ከዚያ ኢ2)። ጥቁር በአንድ ጊዜ ኢ7 ደረሰ። አንድ እርምጃ ባከነ።
- ነጭ ጳጳሱን ሦስት ጊዜ አንቀሳቀሰ (ዲ3፣ ሲ4፣ ዲ3)። ጥቁር ያንኑ ጳጳስ ሁለት ጊዜ (ሲ5፣ ዲ6፤ ጭረት ከመጀመራችሁ በፊት)። ሌላ አንድ ባከነ።

ሁለት እርምጃ ማለት ይህ ነው፤ አንዱ ግንቡን ዲ8 አደረሰ፣ ሌላው ተራውን ለጥቁር ሰጠ። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ (በጥንቱ የእኛ ቼዝ) በወረራው፣ ማለትም በመክፈቻው ሰዓት ተራ አይጠበቅም፤ እጁ የፈጠነ ይቀድማል። እዚህ ግን ተራ እንደ ገንዘብ ይቆጠራል፣ ነጭም በ15 እርምጃ ውስጥ ሁለት ከፍሏል።

ችግር ካጋጠማችሁ፦ መስታወቱ ካልተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ 12ኛው ነው። ጥቁር ቢ5 ያለው በወታደር ነው እንጂ በጳጳስ አይደለም። ሌላው ምክንያት ሲ4 ላይ የተበላውን ጥቁር ወታደር አለማንሳት ነው። በትክክል ከሆነ በየወገኑ 14 ጠጠር፣ በድምሩ 28 ትቆጥራላችሁ።

የመጀመሪያውን ቁጭታ እዚህ ላይ አብቁ። ቦርዱን እንዳለ መተው ካልቻላችሁ አሰላለፉን ደብተር ላይ ጻፉት።

ደረጃ 4፦ ከ15 እስከ 20

ወረቀቱን አምጡ። ከዚህ ወዲያ የጥቁርን እርምጃ ሁሉ ሸፍኑ፣ መጀመሪያ ግምታችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ግለጡ።

15. ጥቁር ፈረስ ከሲ6 ወደ ኢ5
16. የነጭ ፈረስ ከኤፍ3 ኢ5ን ይበላል፤ የጥቁር ጳጳስ ከዲ6 ኢ5ን ይበላል

አሁን ጥቁር ምን እያስፈራራ ነው? ፈልጉ። መልሱ፦ ጳጳሱ ኤች2ን በቼክ ይበላል፤ ንጉሡ ጳጳሱን ሲበላ ንግሥቷ ዲ6 ላይ ቼክ ትላለች፤ ቀጥላ ዲ3 ያለውን ጳጳስ ትበላለች። ጥቁር ወታደር ያተርፋል። ለዚህ ነው ነጭ ቀጥሎ ያለውን የተጫወተው።

17. ነጭ ወታደር ኤፍ4፤ ጥቁር ጳጳስ ወደ ሲ7
18. ነጭ ወታደር ኢ4፤ ጥቁር ግንብ ከኤ8 ወደ ሲ8
19. ነጭ ወታደር ኢ5፤ ጥቁር ጳጳስ ከሲ7 ወደ ቢ6፣ ቼክ
20. ነጭ ንጉሥ ኤች1፤ ጥቁር ፈረስ ከኤፍ6 ወደ ጂ4

18ኛው ላይ ብዙ ሰው የዲ8ን ግንብ ያነሳል። አይደለም፤ ያ ግንብ እስከ 23ኛው ከቦታው አይነቃነቅም። የሚወጣው ዳር ላይ ተኝቶ የነበረው ነው። ከዚህ በኋላ ጥቁር ሥራ ፈት ጠጠር የለውም።

19ኛውን የነጭ እርምጃ በተለይ እዩት። ነጭ ፈረሱን የሚያባርር መስሎት ወታደሩን ከኢ4 ወደ ኢ5 ገፋ። ወታደሩ በሄደበት ባዶ ካሬ በኩል ግን የቢ7 ጳጳስ እስከ ጂ2 ድረስ ማየት ጀመረ። ጣታችሁን ቢ7 ላይ አድርጋችሁ በሰያፉ ወደ ታች ሳቡ፦ ሲ6፣ ዲ5፣ ኢ4፣ ኤፍ3፣ ጂ2። በሌላው እጃችሁ ከቢ6 ሳቡ፦ ሲ5፣ ዲ4፣ ኢ3፣ ኤፍ2፣ ጂ1። ሁለቱ ጣቶቻችሁ ነጭ ንጉሥ አጠገብ ሲገናኙ የሚመጣው ነገር ይሸታችኋል።

መፈተሻ፣ ሳታልፉ፦

- ነጭ፦ ንጉሥ ኤች1፣ ንግሥት ኢ2፣ ግንቦች ኤ1 እና ኤፍ1፣ ጳጳሶች ቢ2 እና ዲ3፣ ፈረስ ሲ3፣ ወታደሮች ኤ3፣ ቢ4፣ ኢ5፣ ኤፍ4፣ ጂ2፣ ኤች2።
- ጥቁር፦ ንጉሥ ጂ8፣ ንግሥት ኢ7፣ ግንቦች ሲ8 እና ዲ8፣ ጳጳሶች ቢ6 እና ቢ7፣ ፈረስ ጂ4፣ ወታደሮች ኤ6፣ ቢ5፣ ኢ6፣ ኤፍ7፣ ጂ7፣ ኤች7።

በድምሩ 26። አንድም ቢጎድል ወይም ቢተርፍ አትቀጥሉ፤ ቀጣዩ ክፍል በአንድ ካሬ ስህተት ይፈርሳል። ከዚህ ዝርዝር ላይ አስተካክላችሁ ቀጥሉ፤ ወደ መጀመሪያው መመለስ አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ ሰዓት ይዛችሁ አስቡ

ስልኩን ከሌላ ክፍል አምጡት፤ ለሰዓት ብቻ። አስር ደቂቃ ሙሉ። በነጭ ቦታ ሆናችሁ ለጂ4 ፈረስ መልስ ፈልጉ፤ ሁለት ምርጫ ጻፉ። ከዚያ ከእነዚህ ጋር አስተያዩት፦

- ንግሥቷ ፈረሱን ብትበላ? የዲ8 ግንብ ዲ3 ላይ ጳጳሱን ይበላል። ሒሳቡ እኩል ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ የጥቁር ግንቦች አሁን የሲ3ን ፈረስ በአንድ ላይ ይዘውታል።
- ጳጳሱ መጀመሪያ ኤች7ን በቼክ ቢበላስ? ንጉሡ ይበላዋል። ከዚያ ንግሥቷ ፈረሱን ስትበላ ግንቡ ዲ2 ይገባል፤ ቢ2 እና ጂ2 አብረው ይጠቃሉ።

ሁለቱንም በቦርዱ ላይ ሞክሩ፤ ከሞከራችሁ በኋላ ግን አሰላለፉን መልሱት። ተማሪዎቼን በብዛት የሚጥላቸው ይህ ነው፦ ሙከራውን ይቀጥሉና ዋናው ጨዋታ የቱ እንደነበር ይጠፋቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመሞከራችሁ በፊት የተበሉትን ጠጠሮች በቦርዱ ቀኝ፣ በሙከራ የምትበሏቸውን በግራ አስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ ከ21 እስከ 25

21. ነጭ ጳጳስ ከዲ3 ወደ ኢ4፤ ጥቁር ንግሥት ኤች4

ማስፈራሪያው ንግሥቷ ኤች2 ላይ የምትሰጠው ሜት (ንጉሡ መውጫ አጥቶ ጨዋታው የሚያበቃበት) ነው። የነጭ ንግሥት በሁለተኛው ረድፍ ላይ ብትሆንም የራሷ የጂ2 ወታደር መንገዷን ዘግቷል።

22. ነጭ ወታደር ጂ3፤ …

ወረቀቱን አታንሱ። ንግሥታችሁ ተጠቅታለች። ወዴት ታሸሿታላችሁ? ጻፉ።

አሁን ግለጡ፦ የጥቁር ግንብ ከሲ8 ሲ3ን ይበላል። ንግሥቷ ባለችበት ትቆያለች።

ለምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ አረጋግጡ፤ በእምነት አትለፉት፦

- ነጭ በቢ2 ጳጳስ ግንቡን ቢበላ፦ የቢ7 ጳጳስ ኢ4ን በቼክ ይበላል፣ ንግሥቷ ኢ4 ላይ ጳጳሱን ትበላለች፣ የጥቁር ንግሥት ኤች2ን ትበላለች፤ ሜት። ንግሥቷን የሚጠብቃት የጂ4 ፈረስ ነው፤ ጂ1ን የዘጋው የቢ6 ጳጳስ ነው።
- ነጭ በኢ4 ጳጳስ ቢ7ን ቢበላ፦ ግንቡ ከሲ3 ጂ3ን ይበላል። “የኤች2 ወታደር ግንቡን ይብላው!” የምትሉ ከሆነ ሞክሩት። አይቻልም፤ ወታደሩ ከመስመሩ ከወጣ የኤች4 ንግሥት በቀጥታ ንጉሡን ታያለች። ወታደሩ ታስሯል።

በነገራችን ላይ ነጭ 22ኛው ላይ በጂ3 ፈንታ ኤች3 ቢጫወትስ? መልሱ አሁንም ግንብ ሲ3ን መብላት ነው። ነጭ ግንቡን ቢበላ፣ የቢ7 ጳጳስ ኢ4ን ይበላል፤ ንግሥቷ ኢ4ን ብትበላ ጥቁር ንግሥት ጂ3 ትገባለች፤ ነጭ ወታደር ፈረሱን ቢበላ ንግሥቷ ኤች4 ተመልሳ ሜት ታደርጋለች። ይህን አማራጭ መንገድ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በእጃችሁ ደርድሩት።

ነጭ ግን ንግሥቷን በላት።

23. የነጭ ወታደር ከጂ3 ኤች4ን ይበላል፤ ጥቁር ግንብ ከዲ8 ወደ ዲ2

ሰው ሁሉ የንግሥቷን መስዋዕት ያወራል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ንግሥት ከጠፋ በኋላ ሌላ ግንብ፣ ያውም ባዶ ካሬ ላይ! ዓላማው የነጭን ንግሥት ከኢ4 ጥበቃዋ መጎተት ነው። ነጭ ጳጳሱ ሲ3ን እንዲበላ ቢያደርግ፣ ግንቡ ንግሥቷን ኢ2 ላይ በልቶ ወዲያው ኤች2 ላይ ሜት ያስፈራራል።

24. የነጭ ንግሥት ዲ2ን ትበላለች፤ የጥቁር ጳጳስ ከቢ7 ኢ4ን ይበላል፣ ቼክ
25. ነጭ ንግሥት ጂ2፤ ጥቁር ግንብ ከሲ3 ወደ ኤች3

ነጭ እጅ ሰጠ።

ደረጃ 7፦ ለምን እጅ እንደሰጠ አረጋግጡ

ብዙዎች እዚህ ላይ ቦርዱን ይሰበስባሉ። አትሰብስቡ። በቦርዱ ላይ 22 ጠጠር አለ፣ ለየወገኑ 11። ነጭ ንግሥት፣ ሁለት ግንብና ጳጳስ አለው። ጥቁር ግንብ፣ ሁለት ጳጳስና ፈረስ። በሒሳብ ነጭ እጅግ ይበልጣል።

ከነጭ ምርጫዎች አራቱን ራሳችሁ ተጫወቱ፦

1. ንግሥት ኢ4ን ትበላለች። ግንብ ኤች2፣ ሜት።
2. ግንብ ኤፍ3። ጳጳሱ ይበላዋል፤ ንግሥቷ ጳጳሱን ብትበላ ግንብ ኤች2፣ ሜት።
3. ጳጳስ ዲ4። ጥንቃቄ! እዚህ ወዲያው ኤች2ን ብትበሉ ንጉሡ ጂ1 ላይ ያመልጣል፤ የቢ6 ጳጳሳችሁ መንገዱ ተዘግቷልና። መጀመሪያ ዲ4ን ብሉ። ማስፈራሪያው የትም አይሄድም።
4. ግንብ ኤፍ2። ያው ወጥመድ ነው። በቢ6 ጳጳስ ኤፍ2ን ብሉ፤ አትቸኩሉ።

ከዚያ አሰላለፉን መልሱና ሌላ ሙከራ አድርጉ። ከጥቁር ጠጠሮች አንዷን አንሱ፣ “ግንቡ ኤች2ን ቢበላ ሜት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ፣ ጠጠሯን መልሱ፣ ሌላዋን አንሱ።

- ፈረሱን ብታነሱ ንጉሡ ግንቡን ይበላዋል።
- የኢ4 ጳጳስን ብታነሱ ንግሥቷ ትፈታለች፤ ግንቡን ኤች2 ላይ ራሷ ትበላዋለች።
- የቢ6 ጳጳስን ብታነሱ ንጉሡ ጂ1 ላይ ያመልጣል።

ያልተቀጠረ የለም። ደረጃ 3 ላይ የቆጠራችኋቸውን ሁለት እርምጃዎች አስታውሱ፦ ግንቡ ዲ8 ላይ አስቀድሞ ባይወጣና ተራው የጥቁር ባይሆን ይህ ሁሉ ቡድን ሰዓቱን ጠብቆ አይደርስም ነበር።

ሲበላሽ፦ የት እንደተሳሳታችሁ የማግኛ መንገድ

ጠጠሯ መሄድ ያለባት ቦታ መሄድ ካቃታት፣ መንገዷን የዘጋው ማን እንደሆነ እዩ። እሱ ይነግራችኋል።

- 21ኛው፣ ንግሥት ኤች4 መድረስ አልቻለችም። ኤፍ6 ላይ ፈረስ አለ፤ 20ኛውን ዘላችኋል።
- 22ኛው፣ ግንቡ ሲ3 አይደርስም። ሲ7 ላይ ጳጳስ ካለ 19ኛው ላይ ቢ6 አልወሰዳችሁትም። ሲ8 ባዶ ከሆነ ደግሞ 18ኛውን ረስታችኋል።
- 23ኛው፣ ግንቡ ዲ2 አይደርስም። ዲ3 ላይ ነጭ ጳጳስ ካለ 21ኛው ቀርቷል። ዲ6 ላይ ጥቁር ጳጳስ ካለ 16ኛው ላይ በተሳሳተ ጠጠር በልታችኋል። ዲ8 ባዶ ከሆነ 18ኛው ላይ የተሳሳተውን ግንብ አንስታችኋል።
- 24ኛው፣ ጳጳሱ ኢ4ን መብላት አልቻለም። ሲ6 ላይ ፈረስ አለ፤ 15ኛው የጥቁር እርምጃ ተዘሏል።
- 25ኛው፣ ግንቡ ኤች3 አይደርስም። ጂ3 ላይ ነጭ ወታደር ካለ 23ኛው ላይ ንግሥቷ አልተበላችም። እናንተም እንደ ብዙዎቹ ለንግሥቷ ራርታችኋል።

ስህተቱ ከተገኘ ከዚያ እርምጃ ብቻ አስተካክሉ። መሃሉ ከተምታታ በደረጃ 4 መጨረሻ ካለው ዝርዝር ደርድራችሁ ቀጥሉ።

ደረጃ 8፦ በራሳችሁ ጨዋታ ላይ

ኢንጂን (እርምጃ የሚያሰላ የቼዝ ፕሮግራም) አሁን መክፈት ትችላላችሁ፤ ግምታችሁን ከጻፋችሁ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

ቀጥሎ በጥቁር የተጫወታችሁትን፣ ተመዝግቦ ያለ አንድ ጨዋታ አውጡ። የተሸነፋችሁበት ቢሆን ይሻላል። እስከ 15ኛው ደርድሩና በደረጃ 3 እንዳደረጋችሁት ጭረት አስምሩ፦ የትኛዋ ጠጠር ሁለቴ ሄደች፣ የትኛዋ ሦስቴ? ከተጋጣሚያችሁ ጭረት ጋር አስተያዩ። ወታደር ለመብላት የወጣ እርምጃ ተቀናቃኙም መልሶ ከበላ አይቆጠር። ማስፈራሪያ ሸሽታችሁ የተመለሳችሁበት ግን ይቆጠራል፤ የሮትሌቪ ጳጳስ ዲ3 የተመለሰው እንደዚያ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ደብተሩን ዘግታችሁ የሎድዙን ጨዋታ ከ1 እስከ 25 በቃል ደርድሩ። ከ15ኛው በፊት ከቆማችሁ ደረጃ 3ን ብቻ ድገሙ፤ ከ20ኛው በኋላ ከቆማችሁ ከደረጃ 4 ዝርዝር ጀምራችሁ አምስቱን እርምጃ ሦስት ጊዜ ደርድሩ።